ለሦስተኛው የሚሆን እጅ

መስከረም 9

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ አንዳንድ ቀን ሥራ ያስፈታኛል። ይህ ደብዳቤ ሁለታችሁንም እየሳቃችሁ ያግኝልኝ።

በስልክ ያልጠየቅሁሽ ስልኩ እማዬ ራስጌ ስለሆነ ነው። ሚስጥር ሆኖ አይደለም። ግን አንቺ እሷ ፊት ስትሆኚ አጭር ነው መልስሽ፤ «ደህና ነን፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብለሽ ስልኩን ለእሷ ታቀብያታለሽ።

የምሠራበትን ቤት ነግሬሻለሁ፤ ሐኪሟና ባሏ መሐንዲሱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዓመት ከስድስት ወር የሆናቸው መንታ ወንዶች። አንዱን «ንክሻ» ሌላውን «ጠበቃ» ብያቸዋለሁ። ንክሻ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ የጫማ ተረከዝ፣ የወንበር እግር፣ ወንድሙን። ጠበቃ ገና አፉን አልፈታም፤ ግን ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ ቀኑን ሙሉ ይከራከራል። እነዚህን ሳጥብ ያ አረንጓዴ ሳፋ ትዝ ይለኛል። አምስታችንን ግድግዳ ሥር አሰልፈሽ፣ «ቀጣይ!» እያልሽ እንደ ሐኪም ቤት ስትጠሪን። ሐኪሟ «ልጅ መያዝ ማን አስተማረሽ?» ስትለኝ «የእናቴ የአክስት ልጅ ናት፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቤታችን መጥታ እኔንና አራቱን ታላላቆቼን ያሳደገችን» እላታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከአምስት ወር በፊት ፊት ለፊት ያለችው የባንክ ሠራተኛ «ልጄን አብረሽ ብትይዥልኝ» አለች። እሱን «ቱሪስት» ብዬዋለሁ፤ በር ከተከፈተ ይሄዳል። ሁለቱ ቤቶች ተስማሙና ሐኪሟ «ስንት እንጨምርልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብል ጥሩ ነው? «እናንተ እንዳያችሁት!» አንገቴን ሰበር፣ እጄን አጣመር አድርጌ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ጨዋ ነው የሚባለው፤ ጠያቂውም ያፍርና ከሚገባው በላይ ይሰጣል። እነሱ ግን ቃሌን እንዳለ ወሰዱት። አይተው አይተው በደመወዜ ላይ ሩብ ጨመሩልኝ። አንድ ጆሮና አንድ እግር ብቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ መስሏቸው ይሆናል።

አሁን ደግሞ የሐኪሟ ወንድም ሴት ልጁን ሊያመጣ ነው። አሥራ አንድ ወሯ ነው፣ ገና አልቆመችም። «ሦስት ከያዝሽ አራተኛዋ ምን ታስቸግራለች?» አለኝ እየሳቀ። በሚቀጥለው ወር ተሰብስበን ልንነጋገር ነው። እኔ ደግሞ ምን ያህል ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ብዙ ብጠይቅ ሥራዬን አጣለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

እትዬ፣ ለሦስተኛና ለአራተኛ ልጅ ምን ያህል ይጠየቃል? ያኔ እማዬ ስንት ነበር የምትከፍልሽ? አንዳችን ስንጨመር ትጨምርልሽ ነበር?

ያሳደግሽኝ፣ ሚጢጢ


መስከረም 30

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ሲጠሩት ያጉረመርማል፣ ግን ይነሳል።

«እናንተ እንዳያችሁት» የምትለውን ሳነብ ብቻዬን በሳቅ ፈረስኩ። ቀጥሎ ግን ተናደድኩብሽ። እኔ ጨዋነት ያስተማርኩሽ ሰው ቤት ሄደሽ «ጨምሪ» ስትባይ «ይበቃኛል» እንድትይ ነው እንጂ ጉልበትሽን በትነሽ እንድትመጪ አይደለም። ዋጋሽን ሲጠይቁሽ ተናግረሽ ዝም በይ። ዝምታው ሲያስጨንቅሽ ደግሞ ተጨነቂ፤ አትሞቺም።

አሁን ስሚኝ። ሰው እጁ ሁለት ነው። አንድ ልጅ ስትይዢ አንድ እጅ ይተርፍሻል፤ በሱ ትሠሪያለሽ። ሁለተኛው ሲመጣ ሁለቱም እጆችሽ ይያዛሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ለሱ የሚሆን እጅ የለሽም። ከሁለቱ አንዱን ለቀሽ ነው እሱን የምትይዢው። ስለዚህ ሦስተኛው ልጅ ሩብ አይደለም፣ ግማሽም አይደለም። ከሦስተኛው ጀምሮ የሚከፈልሽ ለጉልበትሽ ብቻ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ «የቱን ለቅቄ ይሆን?» እያለ ለሚመታው ልብሽም ነው።

ከትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን ሰፊ መንገድ ታስታውሽው እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱ ትልልቅ ወንድሞችሽ ቀሚሴን በግራና በቀኝ ይይዛሉ፤ እህትሽ የቦርሳዬን ማንገቻ፤ አንቺና ሾፌሩ ወንድምሽ በእጄ። ያኔ ሾፌር ሳይሆን አራት ዓመቱ ነበር፤ አንቺ ሁለት። እንደዚያ ሆነን ስንሄድ ሰው ቆሞ ያየን ነበር፤ እኔም ኮራ እል ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ። አንድ ቀን ማዶ ኳስ አየና እጄን መንጭቆ ወደ መንገዱ ገባ። የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። እጅሽን ለቀቅሁት። ሮጬ እሱን በሸሚዙ ኮሌታ ጎትቼ አወጣሁት። ስዞር አንቺ እዚያው የለቀቅሁሽ ቦታ ቆመሻል፤ እጅሽን ሽቅብ እንዳነሳሽ፣ እንደያዝኩሽ መስሎሽ። ያን ቀን ቤት ገብተን በር ዘግቼ አለቀስኩ። ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

እንግዲህ ይህን ለሰዎቹ ተናገሪያቸው። ደግሞ አራተኛዋን ገና ያልቆመችውን ብቻሽን አትቀበይ። የምትድህ ልጅ ካላየሻት ትጠፋለች፣ ካነሳሻት ደግሞ አንድ እጅ ሙሉ ትወስዳለች።

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። መነጽሯ ተሰብሮ በክር አስሬላታለሁ፤ ያው አንድ ዐይኗ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ነው የሚያየው። ሲመችሽ ለመነጽር የሚሆን ላኪ። ራስሽን ጠብቂ፤ ካፖርት ሳትለብሺ አትውጪ።

እትዬሽ


ጥቅምት 22

ለእትዬ፣ ለውለታዋ ወሰን ለሌላት፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ። እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። የመነጽሩን ልኬያለሁ፤ ክፈፉን ራሷ ትምረጥ፣ አንቺ አትምረጪላት፤ የአንቺ ምርጫ የማይሰበር እንጂ የሚያምር አይደለም።

ስብሰባው ተካሄደ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ሐኪሟ፣ መሐንዲሱ፣ የባንክ ሠራተኛዋና የአራተኛዋ አባት ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች ወለሉ ላይ ናቸው። የባንክ ሠራተኛዋ ገና ሳልቀመጥ በስልኳ ማስላት ጀመረች።

«ሦስቱም የሚተኙት በተመሳሳይ ሰዓት ነው፣ የሚጫወቱትም አንድ ክፍል ነው» አለ መሐንዲሱ። «ሥራው በሦስት አልተባዛም እኮ።»

የጻፍሽልኝን አስቤ ተነሳሁና መሐንዲሱን ንክሻን በቀኝ፣ ጠበቃን በግራ እጁ አስያዝኩት። «እንዳትለቃቸው» አልኩት። ሳቀ፤ ያዛቸው። ቱሪስትን ከወንበሩ ሥር አወጣሁትና ወደ ምድጃው አቅጣጫ አቆምኩት። ምድጃው ጠፍቶ ነበር፣ አትደንግጪ። እሱ ግን የታወቀ ነው፤ ጉዞ ጀመረ።

«ያዘው» አልኩት መሐንዲሱን።

ወደ ቀኝ እጁ አየ፣ ወደ ግራ እጁ አየ። ንክሻ በዚህ መሀል የሰዓቱን ማሰሪያ መንከስ ጀምሯል። የቱሪስት እናት ስልኳን ጥላ ሮጣ ልጇን አነሳችው።

«ለሦስተኛው የሚሆን እጅ የለኝም» አልኩ። «እሱን የምይዘው ከሁለቱ አንዱን ለቅቄ ነው። ለሱ የምጠይቀው እንደ አንድ ሙሉ ልጅ ነው። አራተኛዋን ረዳት ካልተቀጠረ አልቀበልም።» ልኩን ተናገርኩና አፌን ዘጋሁ። እትዬ፣ ያ ዝምታ እንዴት ይረዝማል! ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

ሐኪሟ እጄን ያዝ አድርጋ «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነው የምናይሽ» አለችኝ። የዋህ ናት፣ ከልቧ ነው። «ተዉት በቃ» ልል ምንም አልቀረኝ። ግን «እሁድ ከሆነ ቤተሰብ እንሁን፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እስኪያስቡበት ጊዜ ጠየቁኝ። እስከዚያ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ፤ ልጅ ሲያለቅስ እንኳ «ሊያባርሩኝ ይሆን?» እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አንድ አልጋ ላይ በአግድም ሳስተኛቸው ያንቺው ዘዴ መሆኑ ትዝ አለኝ። አምስታችን እንደ እርሳስ ተደርድረን፣ አንቺ ከግርጌ ተቀምጠሽ እግራችንን በየተራ ስታሺ። ተራዬ እስኪደርስ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ከራሴ ጋር እታገል ነበር። የዚያን ክፍል ጠረን፣ የታጠበ አንሶላና ያንቺን ሳሙና፣ የሚሸጥ ቢሆን የትም ሄጄ እገዛው ነበር።

ደግሞ ጥያቄዬን ዘለልሽው። እማዬ ስንት ነበር የምትከፍልሽ?

ሚጢጢ


ታኅሣሥ 18

ለሚጢጢ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ እናትሽ ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። መነጽሩ ተገዛ። አሁን አቧራው ሁሉ ይታያታል፤ ዕረፍት ነሳችኝ። ከአልጋዋ ሆና «ያቺ ጥግ» ትለኛለች።

ከሕመሙ ወዲህ ግን ከአልጋ መነሳት ስላቃታት ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣታለሁ። አንዲት አስታማሚ በሳምንት አንዴ እየመጣች ታያታለች፤ ለስላሳ ፍራሽ ያስፈልጋታል ብላለች። ከወንድሞችሽ ጋር ተነጋግራችሁ ላኩ። መጋረጃውም አርጅቷል፣ እሱ ግን ይቆይ።

ስለ ደመወዝ ላልሽው። ያኔ ማን ደመወዝ ይባባል ነበር? ስመጣ እናትሽ «ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እኔም አንቺው ነኝ፤ «እንዳያችሁት» አልኩ። ልጁ ሲራመድ የታይፕ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ ተባልኩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ነበር። የሃያ ሰው ጣት አንድ ላይ ሲመታ በመስኮት ይሰማል። እናንተን እያበላሁ በትርፍ እጄ ጠረጴዛውን እመታ ነበር፤ ታላቅ ወንድምሽ ጨዋታ መስሎት እሱም ይመታ ነበር። አንዱ ሲራመድ ሌላው ይወለዳል። አንቺ ስትራመጂ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የጎማ መሸጫ ሆኗል።

ይኸው ነው። አልተበደልኩም፤ አብልተውኛል፣ አልብሰውኛል። ከእንግዲህ ይህን ነገር አታንሺብኝ።

እትዬሽ


ጥር 11

ለእትዬ፣

ሰላምታዬን በትኅትና አቀርባለሁ። አታንሺብኝ ብለሽኛል፤ ላነሳው ነው። ተቆጪኝ።

በመጀመሪያ የምሥራቹን። ሰዎቹ ተስማሙ። ለቱሪስት እንደ አንድ ሙሉ ልጅ ይከፈለኛል፤ ያለፉትን ወራት ልዩነትም ጨመሩበት። የአራተኛዋ አባት ረዳት መቅጠር ስላልፈለገ ልጁን ሌላ ቦታ ወሰዳት። ከእንግዲህ ሥራዬን አጣለሁ ብዬ አልፈራም። መሐንዲሱ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? «ያቺ አክስትሽ ወይም የእናትሽ የአክስት ልጅ፣ ምን ነበር ደመወዟ?»

የመጀመሪያውን ሙሉ ደመወዜን ይዤ ክፍሌ ገባሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እፍረት ያዘኝ። አንቺ አምስት ልጅ ነው የያዝሽው። አሁን ደግሞ እማዬን ይዘሻል። ፍራሽ ላኩ፣ መነጽር ላኩ ትያለሽ፤ «ጫማ አለቀብኝ» ያልሽበት አንድ ደብዳቤ ፈልጌ አጣሁ። እኛም ብር ስንልክ «ለቤት» ነው የምንለው። ቤቱ አንቺ ነሽ እንዴ፣ ወይስ አንቺ ከቤቱ ዕቃ አንዱ ነሽ? ይቅር በይኝ እትዬ። ይህን ለመጠየቅ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ለአራቱም ታላላቆቼ ጻፍኩላቸው። አስተማሪዋ እህቴ በማግሥቱ መለሰች። ሾፌሩ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ደወለና ብዙ ሳይናገር «ያለችውን ሁሉ እከፍላለሁ» ብሎ ዘጋው። ታላቅ ወንድማችን ግን «እትዬ እኮ ቤተሰብ ናት» አለኝ። የሐኪሟን ቃል ከገዛ ወንድሜ አፍ ስሰማ ደሜ ፈላ። ተጣላን፤ ኋላ ታረቅን። ሁለተኛው ወንድማችንም ተስማማ። አሁን አምስታችንም አንድ ቃል ነን።

ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝ ይኖርሻል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ትወጫለሽ፤ በዚያ ቀን አስታማሚዋ ከእማዬ ጋር ትውላለች፣ ሒሳቧን እኛ እንችላለን። ልኩን አንቺ ተናገሪ። «እንዳያችሁት» ብለሽ ብትጽፊ ግን ደብዳቤውን መልሼ እልክልሻለሁ።

ሚጢጢ


መጋቢት 5

ለልጄ ለሚጢጢ፣

ሰላምሽን፣ ጤናሽን ያብዛው። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ንክሻን ግን ከሩቅ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ተቆጣሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ውስጥ ደመወዝተኛ ልታደርጉኝ ነው ብዬ ፎቶሽን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሁለት ሳምንት እንደዞረ ቆየ። እናትሽ በዚያ በላክሽላት መነጽር አየችውና «ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ። እንግዲያው ስሚ አልኳትና ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። የመንገዱንም፣ እጅሽን የለቀቅሁበትንም ነገርኳት።

ከዚያ በዕድሜዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

«እህት ዓለም፣ ለምን አልከፈልሽኝም? አንቺ መሥሪያ ቤት ነበርሽ፣ ባልሽም ሠራተኛ። አጥታችሁ አልነበረም።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። የማትመልስልኝ መስሎኝ የሾርባውን ሳህን ላነሳ ስል ነው የተናገረችው።

«ብከፍልሽ ትሄጂ ነበር» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ።

«ትሄጂ አልነበር?» አለችኝ እንደገና።

«እሄድ ነበር» አልኳት።

«አውቄዋለሁ። አባታቸው በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ከአምስት ልጅ ጋር ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱንም ቢሆን ልጁ ሲራመድ የምልሽ እያወቅሁ ነው።»

ሚጢጢ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ዕድሌ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋም ዕድሌ፣ ዕድሜዬ ሲሄድም ዕድሌ። ለካ ሰው አስቦበት ነው። ያን ቀን ሳገላብጣት አላናገርኳትም። እሷም ዐይኗን ጨፍና ቆየች። በማግሥቱ «ይቅር በይኝ» አለችኝ። ይቅር ብያለሁ አላልኳትም። ቀስ እያልኩ እለዋለሁ፤ እስክለው አትቸኩይብኝ። ብሄድ ኖሮ እናንተን አላገኝም ነበር፤ ያንን አላጣሁትም። ብሄድ ምን አገኝ እንደነበር ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ያ ያንገበግበኛል።

አሁን ልኩን ልናገር። አስታማሚዋን ሰው ቤት ተቀምጦ በሽተኛ የሚይዝ ሰው ስንት እንደሚከፈለው ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ያንኑ ሙሉውን እፈልጋለሁ፤ በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ከዚያ ላይ አንድ ሳንቲም አልቀንስም። ለታላቅ ወንድምሽ ቤተሰብ ነኝ በይው፤ እሁድ እንገናኝ። ያለፈውን ዘመን አታስሉልኝ፤ እሱን የሚያሰላ መሣሪያ የባንክ ሠራተኛዋም ዘንድ የለም።

የዕረፍት ቀኔ ባለፈው እሁድ ተጀመረ። አስታማሚዋ በጠዋት መጣች። ጫማዬን አደረግሁ፣ ያን ቡናማ ሹራቤን ለበስኩ። እናትሽ «መቼ ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። «ሂጂ» አለችኝ፤ «ሲመሽ ይበርዳል፣ ሹራብሽን ቆልፊው።»

ልወጣ ስል «ምን ልግዛላችሁ?» ማለት ለምዶብኝ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። በሩን ዘግቼ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ገበያው በግራ በኩል ነው፣ መድኃኒት ቤቱም በግራ፣ የእናንተ ትምህርት ቤትም በግራ ነበር። በቀኝ በኩል ምን እንዳለ በደንብ አላውቅም። ወደ ቀኝ ሄድኩ።

እትዬሽ